መቶ ሁለት ሜትር ውሃ

ወረታ ውስጥ «ሥራህ ምንድን ነው?» እንደሚል ጥያቄ የሚያስጨንቀኝ ነገር የለም። «ስልክ እጠግናለሁ» ብል ይበቃኝ ነበር፤ ሱቄም የተከፈተው ለዚያ ነው። አንድ ቅዳሜ ግን እናቴ ከጎረቤቶቿ ጋር ቁጭ ብላ ስትጠይቀኝ፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ እውነቱን ተናገርኩ።

«ቁጥር እገለብጣለሁ» አልኳት።

«ገልብጠህስ?»

«መልሼ አቀናዋለሁ።»

እናቴ ጎረቤቶቿን አየች፤ ጎረቤቶቿም እናቴን አዩ። በመጨረሻ አንዷ «ምን ይደረጋል፣ ጤናውን ይስጠው እንጂ» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሰፈሩ ሰው ሳልታመም እየመጣ ይጠይቀኛል። ብርቱካን ይዞ የመጣም አለ።

እናንተ ደግሞ ብርቱካን ፍለጋ ከመሄዳችሁ በፊት ትንሽ ታገሱኝና ላስረዳ። ኮምፒውተር ቁጥር የሚያስቀምጠው በትንንሽ ዕቃ ነው። አንዷ ዕቃ ከሁለት መቶ ሃምሳ አምስት በላይ አትይዝም። ቁጥሩ ከዚያ ከበለጠ ሁለት ዕቃ ይፈልጋል፤ በአንደኛው ስንት ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት እንዳለው ይጻፋል፣ በሌላኛው ትርፉ ይጻፋል። የመጀመሪያውን ታላቅ፣ ሁለተኛውን ታናሽ እንበላቸው። እስከዚህ ድረስ ፀብ የለም። ፀብ የሚነሳው «ማን ይቅደም?» ሲባል ነው።

አንዳንዱ ፕሮሰሰር፣ ማለት የኮምፒውተሩ አንጎል፣ እንደኛ አገር ደንብ ያደገ ነው። ማዕድ ሲቀርብ እጅ መታጠብ ከታላቅ እንደሚጀመር ሁሉ እሱም ታላቁን ያስቀድማል። አንዳንዱ ደግሞ ማን እንዳሳደገው እንጃ፣ ከታናሹ ይጀምራል። ሁለቱም በየቤታቸው ሰላም ናቸው። አንደኛው ለሌላኛው ቁጥር የላከ ቀን ግን ታላቅ በታናሽ ወንበር፣ ታናሽ በታላቅ ወንበር ይቀመጥና አንድ የነበረው ቁጥር ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ይሆናል። ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት የነበረው ደግሞ አንድ ሆኖ ቁጭ ይላል። የእኔ ሥራ እንግዲህ መሐል ላይ ቆሞ ወንበር ማለዋወጥ ነው። ይህን ለእናቴ እንዴት ብዬ ልንገራት?

ለእኛ ለፎገራ ሰው ይህ ምን ይፈይድለታል እንዳትሉ። ክረምት ሲገባ ሜዳችን ግማሹ ሩዝ፣ ግማሹ ባሕር ነው። ጉማራ ወንዝም አመለኛ ነው፤ እኛ ላይ ጠራራ ፀሐይ ሆኖ ጉና ተራራ ላይ ከዘነበ፣ ምሳ ሳይበላ ደርሶ ያገኘውን ከብት ይዞ ይሄዳል። ለዚህም ነው የቁሐር ሚካኤል ሰው በየክረምቱ ወንዙ ዳር ጠባቂ የሚያስቀምጠው። ለሠላሳ ክረምት ያህል የተቀመጡት የእናቴ ታላቅ ወንድም አያ ደሴ ናቸው። ዳሩ ላይ ምልክት የተደረገበት ግንድ ተተክሏል፤ ውሃው ምልክቱን ሲነካ አያ ደሴ ጥሩምባ ይነፋሉ። አንድ ረጅም ከሆነ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ሦስት አጭር ከሆነ ውሃ መጣ ማለት ነው። ሦስቱ አጭር ሲሰማ አገሩ በሙሉ ከብቱን እየነዳ ቤተ ክርስቲያኑ ወዳለበት ጉብታ ይወጣል።

አያ ደሴ አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም። ጉልበታቸው ግን አልቋል። በጋውን ወንዛዬ ፍል ውሃ ተነክረው ያለሰለሱት ጉልበት፣ አንድ ክረምት እርጥብ ዳር ላይ ሲቀመጡበት ተመልሶ ይገግማል። አንድ ዓመት ደግሞ ዳሩ ተናደና ውሃው ጋቢያቸውን ወስዶ እሳቸውን ተዋቸው። «እኔን የተወኝ ኸጋቢው ብከብደው ነው» ብለው ቀለዱ። እናቴ ግን አለቀሰች። እኔም ያን ጊዜ ማሽን ሠርቼ አጎቴን ከዚያ ዳር አነሳለሁ ብዬ ማልኩ።

ማሽኑ እንዲህ ነው። ወንዙን በሚያሻግረው ድልድይ ምሰሶ ላይ ከውሃው ጋር ከፍ ዝቅ የሚል ተንሳፋፊ አለ። አጠገቡ ያለው ሳጥን ከፍታውን ይለካና በሬዲዮ ይልካል። ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ ያለው ሳጥን ይቀበልና፣ ውሃው ሁለት ሜትር ተኩል ካለፈ ቁጥሩን በድምፅ ማጉያ ይናገራል። ድምፁ የእኔ ነው። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ የቀዳኋቸው ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ዜና አንባቢ ለመምሰል እየሞከርኩ ነበር። በኋላ የመጣብኝን ባውቅ ኖሮ የሌላ ሰው ድምፅ እለምን ነበር።

የመጀመሪያው ክረምት በሰላም አለፈ። ሁለቱም ሳጥኖች ከአንድ ዓይነት አሮጌ ዕቃ የተሠሩ፣ ሁለቱም ታላቅ ቀዳሚ ነበሩ። አያ ደሴ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ክረምቱን ጉብታው ላይ ባለው ቤታቸው፣ ደረቅ መደብ ላይ ከረሙ። ምሳቸውን ትኩሱን በሉ። እኔም ወረታ ውስጥ ደረቴን ነፍቼ ስሄድ ላየኝ የሚኒስትር ዘመድ እመስል ነበር።

በሁለተኛው ዓመት በጋ የወንዙ ሳጥን ውስጥ ጉንዳን ሰፈረበት። ስከፍተው ሽቦ የሚባል የለም፤ ሁሉም ጉንዳን ነው። አዲስ ሳጥን ተገዛ። አዲሱ ሳጥን አዲስ ፕሮሰሰር አለው፣ አዲሱ ፕሮሰሰር ደግሞ አዲስ ኮምፓይለር ይዞ መጣ። ኮምፓይለር ማለት እኔ የጻፍኩትን ፕሮሰሰሩ ወደሚገባው ቋንቋ የሚመልስ አስተርጓሚ ነው፤ እንደ አስተርጓሚ ሁሉ የየራሱ አመል አለው። ለአንዱ የጣመው ሌላውን ያስቀይመዋል።

ለዚህ ብዬ ለዓመታት ያሳደግኩት አንድ ፋይል አለኝ። ወንበር የሚለዋወጠው እሱ ውስጥ ነው። ሲጀመር አራት መስመር ነበር። ከዚያ «ኮምፓይለሩ እገሌ ከሆነ እንዲህ አድርግ» የሚል ጨመርኩ። «እገሌ ሆኖ ያረጀ ከሆነ እንዲያ አድርግ» አልኩ። «እገሌ አርጅቶ ፕሮሰሰሩ ግን ወጣት ከሆነ» አልኩ። እያለ እያለ ሦስት መቶ መስመር ደረሰና የሦስት ሚስት ባል ኑዛዜ መሰለ። መጨረሻው ላይ፣ ከተዘረዘሩት አንዱም ያልሆነ ቢመጣ ምንም ሳይገለብጥ እንዲያልፍ አዘዝኩና ከጎኑ ለራሴ ማስታወሻ ጻፍኩ። «እዚህ የሚደርስ የለም» ይላል።

አዲሱ ኮምፓይለር በቀጥታ እዚያ ደረሰ። ስሙ እኔ ከዘረዘርኳቸው ውስጥ አልነበረማ። ደግነቱ ዝም አላለም፤ አርባ የሚሆን ማስጠንቀቂያ ደረደረልኝ። የመጀመሪያውን አነበብኩት፣ አልገባኝም። አንደኛው ካልገባኝ ሠላሳ ዘጠኙም አይገቡኝም ብዬ ማስጠንቀቂያውን የሚያስቆም ትእዛዝ ሰጠሁት። ለአገሩ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ የምሠራ ሰው ነኝ እንግዲህ፣ የራሴን ማስጠንቀቂያ አፉን ያፈንኩት።

ፍተሻዬን ደግሞ ስሙልኝ። ግንቦት ላይ፣ ወንዙ ከተንሳፋፊው በታች በሆነበት ጊዜ ድልድዩ ላይ ቆምኩ። የወንዙ ሳጥን ዜሮ ላከ፤ የቤተ ክርስቲያኑም ዜሮ ተቀበለ። «ልክ ነው» ብዬ አጨበጨብኩ። ዜሮ ግን ታላቁም ዜሮ፣ ታናሹም ዜሮ ነው፤ ከየትም ወገን ብታዩት ያው ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ዓይነቷ ነው።

ሰኔ ገባና የመጀመሪያው ካፊያ ጣለ። ውሃው ተንሳፋፊውን ነካ አድርጎ አንድ ሴንቲሜትር አነሳው። አንዱ ተገልብጦ ሄደና ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ ያለሁት እኔ፣ ማለት ድምፄ፣ በዜና አንባቢ ለዛ «ሁለት ሜትር ከሃምሳ ስድስት ሴንቲሜትር» አልኩ። አሥር ጊዜ ደጋገምኩት።

የዚያን ቀን ደቦ ነበር። ሃያ ጥማድ በሬ በአንድ ማሳ ላይ ተጠምዶ ሲያርስ፣ አራሹ ሞፈሩን ጥሎ በሬውን እየነዳ ወደ ጉብታው ሮጠ። ጠላው በየማድጋው ቀረ፤ አንድ ሰው ብቻ ማድጋውን ተሸክሞ ሲወጣ ታይቷል፣ እሱም እስከ ዛሬ ይመሰገናል። ለብዙ ዓመት ከአልጋ ያልወረዱትን እመት ጥሩወርቅን አራት ጎልማሶች ካልጋቸው ጋር አወጧቸው። ከብቱ የቤተ ክርስቲያኑን ቄስ የአባ ገብሬን የጎመን መደብ እስከ ሥሩ አጸዳው። ከዚያ ሁሉም ጉብታው ላይ ቆሞ ሜዳውን ማየት ጀመረ። ሜዳው ደረቅ ነው። ካፊያውም አባርቷል።

አያ ደሴ ጉልበታቸውን እየጎተቱ ወንዙ ድረስ ወርደው ተመለሱ። «እግሬንም አላራሰኝ» አሉ።

ሕዝቡ ወደ እኔ ከመዞሩ በፊት እመት ጥሩወርቅ አልጋቸው ላይ ሆነው «ተዉት ልጁን፤ ኸስንት ጊዜ ወዲህ አገሬን አየሁ» አሉ። ያን ቀን የተረፍኩት በእሳቸው ነው። ወደ ታች ልንመልስዎ ሲባሉም እምቢ ብለው እስኪመሽ ጉብታው ላይ ዋሉ።

ወረታ ተመልሼ የአዲሱን ኮምፓይለር ስም ከዝርዝሩ ጨመርኩ። እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ አንዴ ከጀመርኩ አይቀር ብዬ የቤተ ክርስቲያኑን ሳጥን ፕሮግራምም አብሬ አደስኩት። «ከእንግዲህ ፋይሉ ራሱ ፕሮሰሰሩን ታላቅ ቀዳሚ ነህ ታናሽ ቀዳሚ ብሎ ይጠይቅ» አልኩ። ጠየቀም። የጠየቀው ግን ፕሮግራሙን የማዘጋጅበትን የእኔን ላፕቶፕ ነበር። የእኔ ላፕቶፕ ታናሽ ቀዳሚ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሳጥን ታላቅ ቀዳሚ ነው። እህቷን ለክቶ ለሙሽራዋ ቀሚስ እንደ መስፋት ነው። ላፕቶፔ ላይ ስሞክረው ቀሚሱ ልክክ አለ፤ የለበሰችው እህትየዋ ነቻ።

ከሳምንት በኋላ ጉማራ አርባ ሴንቲሜትር ሞላ። አርባ ማለት ለጥጃ የሚጠጣ፣ ለሰው ቁርጭምጭሚት የሚያጥብ ውሃ ነው። ድምፄ ግን ሳይደነቃቀፍ፣ «አንድ መቶ ሁለት ሜትር ከአርባ ሴንቲሜትር» አለ።

በዚህ ጊዜ የሮጠ የለም። አባ ገብሬ ብቻ ለጎመናቸው ሲሉ የአጥሩን በር ዘጉ። እረኛ አራሹ፣ ያለው ሁሉ ቆሞ አዳመጠ፤ ከዚያ አንደኛው «መቶ ሁለት ሜትር ኸሆነ ምን ያስሮጣል? ጉብታውስ የት ይገኛል?» አለ ይባላል። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ወረታ ገባ። በማግሥቱ ከቤቴ ስወጣ አንድ ባለባጃጅ «መቶ ሁለት፣ ላድርስህ?» አለኝ። ስም እንዲህ ነው የሚወጣው፤ ክርስትና ያነሱኝ ቄስ እንኳን ሰሞኑን ሊጠሩኝ ብለው «መቶ…» ካሉ በኋላ ነው የታረሙት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ አጥሩ ሥር ተሰበሰበና ፍርዱን ሰጠ። ሳጥኑ ይጥፋ፣ አያ ደሴ ወደ ዳራቸው ይመለሱ። ማንም አልጮኸብኝም፣ የባሰውም እሱ ነው። አያ ደሴ ተነሱና ጥሩምባቸውን ከቤታቸው አመጡ፤ ቁራጭ አጎዛ በብብታቸው ይዘው፣ እያነከሱ ቁልቁል ወረዱ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። እናቴ እስኪሰወሩ ድረስ ከኋላቸው ታይ ነበር። እኔ ቁጥር ስገለብጥ አጎቴን መልሼ ጎርፍ አፍ ላይ አስቀመጥኳቸው፤ አፈርኩ፣ ፈራሁም።

በማግሥቱ ላፕቶፔን ይዤ ዳሩ ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ውሃው ከእግራችን ሥር ደፍርሶ ይሄዳል። ፋይሉን ከላይ እስከ ታች ሳነበው አንድ ነገር ታየኝ። ይህ ግልብጥ ቁጥር ትንሹን ውሃ ብቻ አይደለም የሚያገዝፈው። ውሃው በእውነት ሁለት ሜትር ከሃምሳ ስድስት ሲደርስ፣ ሜዳውን ሊውጥ ሲነሳ፣ ማሽኑ «አንድ ሴንቲሜትር» ብሎ ቆጥሮ ዝም ይላል።

አያ ደሴ ፊቴን አይተው «ምን አገኘህ?» አሉኝ። የእጅ መታጠቡን ምሳሌ ነገርኳቸው። ታላቅና ታናሹን፣ የየቤቱን ደንብ፣ ኮምፓይለሩን ሁሉ ዘረዘርኩላቸው። ዓይናቸውን ከውሃው ላይ ሳይነቅሉ ሰሙኝ።

«እና አንተ በየቤቱ እየዞርክ እዚህ ቤት ማን ይቀድማል እያልክ ነው እምትጠይቅ?»

«አዎ፣ አያ።»

«ስንት ቤት አለ?»

«በየጊዜው ይጨምራል።»

ግንዱን አየት አደረጉ። «ወረታ ሩዝ ልናስፈለፍል ስንሄድ፣ አንዱ ባለመፈልፈያ ጆንያውን ኸበሩ ጀምሮ ይደረድራል። ሌላው ኸግድግዳው ይጀምራል። እኔ ምን ቸገረኝ? የኔ ጆንያ ሁለት ዙር ታስሮ ቋጠሮው በግራ ነው፤ የእናትህ ሦስት ዙር ነው፣ ቀይ ጨርቅ አለው። ቋጠሮዬን አይቼ አነሳለሁ እንጂ ማን ቀድሞ ገባ ብዬ ኸሰው አልጣላም። ያንተዎቹ ቋጠሮ የላቸውም?»

ስንት ዓመት የደረደርኳት ሦስት መቶ መስመር ፊቴ ላይ ተደርምሳ ታየችኝ። ቋጠሮ እኮ አላቸው። ላኪው ቁጥሩን ለሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ያካፍል፤ የደረሰው ታላቅ ነው፣ የተረፈው ታናሽ ነው። መጀመሪያ ታላቁን፣ ቀጥሎ ታናሹን እያንዳንዱን ለብቻው ይላክ። ተቀባዩ መጀመሪያ የደረሰውን በሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ያባዛ፣ ሁለተኛውን ይደምርበት። ማካፈልና ማባዛት በየትኛውም ፕሮሰሰር ቤት ያው ነው፤ በውስጡ እንዴት እንደሚደረድር ማንም አይጠይቀውም። ፋይሉን ደመሰስኩትና ሁለት መስመር ጻፍኩ። ሁሉንም ኮምፓይለር ብሞክር አንዱም አላጉረመረመም። በዚያን ሰዓት የተሰማኝ ደስታ ሳይሆን ንዴት ነበር፤ ያ ሁሉ ዕድሜዬ የት ሄደ?

ዜሮን ከእንግዲህ ማን ያምናታል? አዲሶቹን መስመሮች በሁለቱም ሳጥኖች ጭኜ መልሼ አበራኋቸውና ተንሳፋፊውን በሴንቲሜትር ምልክት ባደረግሁበት ረጅም ቀርከሃ ከድልድዩ ላይ እያነሳን በየሴንቲሜትሩ ልንፈትሽ ተነሳን። ቀርከሃውን የያዙት አያ ደሴ ናቸው፤ «አንተ እጅህ ይቸኩላል» ብለው ከለከሉኝ። እኔ ላፕቶፑ ላይ አነባለሁ። አንድ አሉ፣ አንድ አለ። አርባ አሉ፣ አርባ አለ። ሁለት መቶ ሃምሳ ላይ ስንደርስ ከሩቅ አንድ የማውቀው ድምፅ ሰማሁ። የገዛ ድምፄ ነው። ድምፅ ማጉያውን መንቀል ረስቼ ኖሯል።

«ሁለት ሜትር ከሃምሳ አንድ» እያልኩ በሜዳው ላይ እጮኻለሁ። «ሁለት ሜትር ከሃምሳ ሁለት» እላለሁ። ድልድዩ ላይ ሆነን ወደ ማሳው አየን። ሩዝ የሚያርመው ሰው ሁሉ እንደጎነበሰ ነው። ቀና ያለ አንድ ሰው የለም። አንድ በሬ ብቻ ጆሮውን አንቀሳቀሰ።

ደስ ብሎኝ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ስወጣ አባ ገብሬ የድምፅ ማጉያውን ገመድ ነቅለው በእጃቸው ይዘው ጠበቁኝ። «አሁንስ ቁጥሩ ልክ ነው አባ» አልኳቸው። «ይቅር ይበሉኝ፣ ፍተሻ ነበር።»

«ልክ ነው?»

«ከአንድ እስከ መጨረሻው።»

«በል እንግዲህ ልጄ፣ ይኼ ኸበፊቱ የባሰ ነው» አሉኝ። «ያኔ ሲሳሳት ሰው ሮጠ። ዛሬ ልክ ሲሆን የተነሣ የለም። ውሃው ቢመጣስ ኖሮ?» ሁለት መስመሬ ኮምፓይለሩን ሁሉ አሳምና ሰውን አላሳመነችም።

መላውን የዘየዱት እሳቸው ናቸው። ማሽኑ ለሕዝቡ አይናገር፤ ለደሴ በስልካቸው ይንገር። ደሴ ልክ ሆኖ ካገኙት ይንፉ። አገሩ የሚያምነው ጥሩምባውን ነው። ከዳሩ የሚነሱትም ደሴ ራሳቸው ማሽኑን ያመኑ ቀን ነው፤ እስከዚያው ይቀመጣሉ። ሰዉ ተስማማ። እኔም ሳጥኑን ከአጎቴና ከእኔ ስልክ ጋር አገናኘሁና ለሁለታችንም በየጊዜው እየደወለ ከፍታውን እንዲነግረን አደረግሁ።

አያ ደሴ ሐምሌን ዳሩ ላይ ተቀመጡ። ስልኩ ይጠራል፣ ያነሱታል፣ ይሰማሉ፣ በሴንቲሜትር የከፋፈልኩላቸውን ግንድ ያያሉ፣ መልሰው ኪሳቸው ይከቱታል። በየሳምንቱ እየሄድኩ «እንዴት አገኙት፣ አያ?» እላለሁ። «እያየሁት ነው» ይሉኛል። ሌላ አይጨምሩም። ጉልበታቸው አብጦ ሱሪያቸው ላይ ይታያል። እናቴ ለእኔ የቋጠረችውን ምሳ ሁሉ ለእሳቸው ልካ እኔን ጦሜን ታሳድረኝ ጀመር፤ ፍርዱ ትክክል ስለሆነ አልተከራከርኩም።

ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ባጃጅ ተሳፍሬ ወደ ቁሐር ሚካኤል እየሄድኩ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ፀሐዩ የሚያቃጥል ነው። ስልኬ ጠራ። የገዛ ድምፄ «ሁለት ሜትር ከሃምሳ አንድ» አለኝ። ባለባጃጁ ሰምቶ ሰማዩን አየና «መቶ ሁለት፣ ዛሬ ደግሞ ቀንሰሃል» አለ።

ሳቅ አልመጣልኝም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እኔ ደግሞ እባቡን ራሴው የፈለፈልኩት ሰው ነኝ። በዚህ ፀሐይ ሁለት ሜትር ተኩል? ደግሞ የት ጋ ነው የተገለበጠው? እያልኩ ሳሰላስል ከሜዳው ወዲያ ሦስት አጭር ጥሩምባ ተሰማ። ሰው ከየማሳው ብድግ ብድግ አለ። ከብቱ ወደ ጉብታው መጉረፍ ጀመረ።

ከባጃጁ ዘልዬ ወደ ወንዙ ሮጥኩ። ቁጥሩ እውነት ከሆነ አጎቴ ዳሩ ላይ ናቸው። በዚያ ጉልበት ማን ደርሶ ያነሳቸዋል? ከብት ወዲያ፣ እኔ ወዲህ ሆነን ስንተላለፍ ሰው ሁሉ «ኸየት ትሄዳለህ?» ይለኛል። ደረስኩ። ጉማራ ቡናማ ሆኖ ዛፍ እያንከባለለ ይሄዳል። አያ ደሴ የሚቀመጡበት ቦታ ባዶ ነው። አጎዛው የለም፣ ጥሩምባው የለም፣ እሳቸውም የሉም። ከቦታው ግማሹ ተንዶ ውሃ ገብቷል። ስማቸውን እየተጣራሁ ዳር ለዳር ሮጥኩ።

ስልኬ ጠራ።

«አንተ፣ የት ነህ?» አሉ አያ ደሴ።

«እርስዎ የት ነዎት?»

«እቤቴ ነኛ። መደብ ላይ።»

«ዳሩ ላይ አልነበሩም? ሳያዩ ነው የነፉት?»

«ነግሮኝ የለም እንዴ። ኸትናንት ጀምሮ ቤቴ ገብቻለሁ። አንተስ የት ነህ? ምንድን ነው 'ሚጮኽብህ?»

«ውሃው ነው። ዳሩ ላይ ነኝ።»

«እዚያ ምን ትሠራለህ?»

«ቁጥሩ ልክ መሆኑን እያየሁ ነው፣ አያ።»

ከኋላቸው ምሳቸውን ይዛ የሄደችውን የእናቴን ድምፅ ሰማሁ፤ «ማነው? እሱ ነው?» ትላለች።

«እና ስንት ይላል?» አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ ግንዱን አየሁ። «ሁለት ሜትር ከሃምሳ ስድስት።»

«እሱንማ አሁን ነገረኝ» አሉ አያ ደሴ። «ይልቅ ቶሎ ውጣ፤ ሃምሳ ሰባት ሊል ነው።»

አንድ ጫማዬን ጭቃው ውስጥ ትቼ ወጣሁ።